ቅሬ ለሞተ ብቻ አይደለም

በሠፈራችን ቅሬ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ወላጆች የተደረገ ንግግር። በስብሰባው ላይ ያልተገኙ አባሎች እንዲያነቡት ሙሉ ቃሉ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።

የተከበራችሁ የቅሬያችን ሰብሳቢና የኮሚቴ አባሎች፣
የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣
ውድ የሠፈራችን ነዋሪዎች፤

 

እንደሚታወቀው የቅሬ ስብሰባ ሲጠራ የሚነሣው ጉዳይ አንድ ነው። ድንኳኑ ተቀዷል፣ የጎደለ ድስት አለ፣ የወር መዋጮ ያልከፈለ አለ፣ ለቅሶ ላይ ያልተገኘ ይቀጣ፤ ይኸው ነው። ዛሬ ግን ሰብሳቢያችን «ትምህርት ቤት ሊከፈት ነውና ስለ ልጆቹ አንድ ነገር በለን» ስላሉኝ ነው ከፊታችሁ የቆምሁት። ዕድሜዬን ጠመኔ ይዤ የኖርሁ ሰው ስለ ሆንሁ የማውቀው ይህንኑ ነው። የምናገረው ስለ መጽሐፍ እጥረትና ስለ ክፍል ጥበት አይደለም፤ ያንን የሚመለከታቸው ክፍሎች ይነጋገሩበት። እኔ የምናገረው በእኛው እጅ ስላለው ነገር ነው፤ ይኸውም ልጆቻችንን ወደ አንድ ትምህርት ቤት የምንልክ ቤተ ሰቦች እርስ በርሳችን እንዴት እንደምንተያይ፣ እንዴትስ እንደምንረዳዳ ነው።

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከመካከላችን አንድ ሰው ዛሬ ሌሊት ቢያርፍ ምን እናደርጋለን? ጥሩምባው ሳይነፋ እንኳ ወሬው ይደርሰናል። ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፤ ሴቷ ንፍሮ ትቀቅላለች፣ እንጀራ ተሸክማ ትመጣለች። እስላም ነው ክርስቲያን ነው ብሎ ወደ ኋላ የሚል የለም። ሟቹ በሕይወቱ ሳለ ከማን ጋር እንደ ተጣላም አይታሰብም። ይህ የወሎ ሰው ወግ ነው፤ ልንኮራበት ይገባል።

ነገር ግን በዚያው ሠፈር፣ በዚያው አጥር ሥር፣ ደብተሩ አልቆበት በአሮጌው ደብተር ጠርዝ ላይ የሚጽፍ ልጅ ሲኖር ጥሩምባ የሚነፋለት የለም። ቁርስ ሳይቀምስ ሄዶ ገና በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ራሱን ዴስክ ላይ የሚደፋ ልጅ ሲኖር ንፍሮ የሚቀቅልለት የለም። ለሞተው ሰው እንዲህ የምንሮጥ ሰዎች ለቆመው ልጅ ሲሆን እግራችን ለምን ይከብዳል? የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህችው ናት።

አንዳንድ ሰው «የሰውን ልጅ ማስተማር የእኛ ሥራ አይደለም፤ እያንዳንዱ የወለደውን ይቻል» ይላል። እንዲህ የሚል ሰው የአገሩን ወግ ረስቷል። ዘመናዊ ትምህርት ቤት ከመምጣቱ በፊት የቆሎ ተማሪው ከየት ይበላ ነበር? ለምዱን ደርቦ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በየደጁ ሲቆም የተሰጠውን ነው። ከጎጃም ይምጣ ከጎንደር፣ የማን ልጅ እንደ ሆነ የሚጠይቀው አልነበረም። በእስላሙም ወገን እንዲሁ ነው፤ ደረሳው ኪታብ ለመቅራት ከሩቅ አገር ሲመጣ ቀለቡን የሚችለው ያደረበት መንደር ነው። እነ ዳና፣ እነ ጌታ፣ እነ ጃማ ንጉሥ በመላው አገር ስማቸው የተጠራው በሸኾቹ ዕውቀት ብቻ አይመስለኝም፤ ደረሳውን ባበላው ገበሬ እጅም ጭምር ነው። እንግዲህ አያቶቻችን የማያውቁትን ልጅ አብልተው ያስተምሩ ከነበረ፣ እኛ የምናውቀውንና በስሙ የምንጠራውን የጎረቤት ልጅ እንዴት እንተወዋለን?

ከዚሁ ከቦረናችን ሳንወጣ ደግሞ ጋሥጫን እናስብ። የጋሥጫው አባ ጊዮርጊስ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የኖሩ፣ መጽሐፈ ምሥጢርን የመሰሉ ድርሰቶች የጻፉ ታላቅ ሊቅ መሆናቸውን የማያውቅ የለም። ገድላቸው እንደሚተርከው ግን በሐይቅ እስጢፋኖስ ተማሪ በነበሩበት ጊዜ ትምህርቱ ለብዙ ዓመት አልገባ ብሏቸው ነበር። ባልንጀሮቻቸው በትምህርት ሲቀድሟቸው እሳቸው ለገዳሙ እህል ይፈጩ ነበር። እንግዲህ አስቡት! «ይህ ልጅ አይረባም» ተብሎ ተስፋ ተቆርጦባቸው እዚያው ቀርተው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ጋሥጫ ሲባል ማን ቀና ብሎ ያይ ነበር? ይህንን የማነሣው ለታሪክ ብቻ አይደለም። ዛሬም በየክፍሉ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ አለ። እኛ ወላጆችም «ከእሱ ጋር አትቀመጥ፣ ያደነዝዝሃል» ብለን የራሳችንን ልጅ የምንመክር አለን።

ወደ ኋላ የቀሩት ልጆች ደግሞ ዛሬ ጥቂት አይደሉም። ምክንያቱም የታወቀ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በመላው አገሪቱ ተዘጉ። በ2013 ዓ.ም. ትምህርት ተጀመረ ስንል ብዙ ሳይቆይ ጦርነቱ መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. ደሴ እንኳ ተይዛ ስንቱ ከቤቱ ተፈናቀለ፣ በየወረዳው ስንት ትምህርት ቤት ዴስኩ ለማገዶ ዋለ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ እጅግ ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀው ቆይተዋል። ስለ ማን ጥፋት አላወራም፤ ቦታው አይደለም። የምለው፣ አንድ ልጅ በሰባት ዓመቱ መግባት የነበረበት ክፍል በአሥር ዓመቱ ቢገባ ጥፋቱ የእሱ አይደለም ነው። በሦስተኛ ክፍል ጢም ሊያበቅል የደረሰ ልጅ ስታዩ «ዋርካ» እያለ የሚስቅ ልጅ ካላችሁ ማታ ቁጭ አድርጋችሁ ምከሩት። ያ ትልቅ ልጅ ከታናናሾቹ መሐል ለመቀመጥ ስንት ጀግንነት እንደ ጠየቀው ንገሩት። ሳቅ ብቻውን ልጅን ከትምህርት ቤት ያስወጣል፤ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።

ትልልቆቻችሁ ደግሞ የበለጠ ታስታውሳላችሁ። በ1966ቱም ሆነ በ1977ቱ ድርቅ በወሎ ስንቱ ቤት ፈረሰ! እናትም አባትም አጥቶ ጎረቤት ያሳደገው፣ በሰው ደብተር ተምሮ ለወግ የበቃ ሰው በመካከላችን የለም ወይ? ስም አልጠራም፤ ራሱ ያውቀዋል። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ የደብተር ዋጋ ሲጠየቅ ኪሱን ከመፈተሹ በፊት ያንን ጎረቤት ያስታውስ።

አሁን በትምህርት ቤቱ በር አካባቢ ስለምናየው ነገር በግልጽ እንነጋገር። አራት ነገሮችን አነሣለሁ።

የመጀመሪያው የልጆች ጠብ ወደ አዋቂ ጠብ መዞሩ ነው። አንድ ጊዜ በማስተምርበት አገር ሁለት የሁለተኛ ክፍል ልጆች በአንዲት እርሳስ ተጣሉ። አንደኛው አንደኛውን ቧጨረው። የተቧጨረው ልጅ እናት ወደዚያኛው ቤት ሄደች፤ ቃል ተለዋወጡ። ማታ አባቶቹ ገቡበት። ከዚያ በኋላ አጥር ታጠረ፣ የቡና ጥሪ ቀረ፣ በመጨረሻም አንደኛው ቤት ሐዘን ሲደርስ ሌላኛው ሳይደርስ ቀረ። አንድ ዓመት ሙሉ ሽማግሌ ሲመላለስ ከረመ። ልጆቹስ? ልጆቹማ በማግሥቱ የጨርቅ ኳስ አብረው ሲያባርሩ ነበር! ያችን እርሳስ ማን እንደ ወሰዳት እንኳ ረስተውታል። ወሎ የአበጋር አገር ነው፤ ደም ያፈሰሱ ሰዎች የሚታረቁበት አገር ነው። በአንዲት እርሳስ ዓመት ሙሉ መኳረፍ ለእኛ አያምርብንም።

ሁለተኛው ስድብ ነው። ልጆች ስድብን ከትምህርት ቤት የሚያመጡት ይመስለናል። አይደለም፤ እዚያው ከቡናው ረከቦት ሥር ነው የሚለቅሙት። እኛ አቦልና ቶና እየጠጣን «የእገሌ ልጅ እኮ የቀጥቃጭ ዘር ነው»፣ «እነዚያማ ቡዶች ናቸው»፣ «የሸክላ ሠሪ ልጅ ከልጄ ጋር አንድ ዴስክ ላይ?» ስንል፣ ጥግ ላይ ቆሎ የሚቆረጥመው ሕፃን ሁሉንም ይሰማል። ነገ ትምህርት ቤት ሄዶ ያንኑ ይደግመዋል። ኧረ ለመሆኑ ቡናውን የቀዳንበት ጀበና ያለ ሸክላ ሠሪዋ እጅ ከየት መጣ? ገብሱን ያረስንበት ማረሻ ያለ ቀጥቃጩ መዶሻ ማን ሳለው? በዚህ ውርጭ ትከሻችን ላይ የጣልነው ጋቢስ የማን ሥራ ነው? በእጁ ሥራ እየኖርን ልጁን መናቅ ውለታ ቢስነት ነው። በዚህ ስድብ ምክንያት ትምህርት ያቋረጠ ልጅ ዕዳው በእኛ በአዋቂዎቹ ላይ ነው። በሚጥል በሽታ ወይም በአካል ጉዳት የሚቸገር ልጅም ሲኖር እንዲሁ፤ በሽታው የእርግማን ምልክት አይደለም፣ በመንካትም አይተላለፍም፤ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ እንጂ ከእሱ መሸሽ አይገባም።

ሦስተኛው ዘመድ ቤት ተጠግተው የሚማሩ ልጆች ጉዳይ ነው። ከቆላውም ከደጋውም ቀበሌ ወላጅ ልጁን ወደ መካነ ሰላም ይልካል። «አክስቱ ዘንድ ሆኖ ይማርልኝ» ብሎ፣ ጥቂት ገብስና ባቄላ አስጭኖ ይሰደዋል። አክስቲቱም ደግ ናት፤ ተቀብላዋለች። ነገር ግን አንዳንድ ቤት ልጁ ከንጋቱ ውኃ ለመቅዳት ቦኖ ላይ ይሰለፋል፣ ኩበት ይለቅማል፣ ሕፃን ያዝላል፣ ዕቃ ያጥባል፤ ከዚያ በኋላ ነው ትምህርት ቤት የሚደርሰው፣ ያውም አርፍዶ። ለሴት ልጅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሥራ ለልጅ ነውር ነው አላልሁም፤ ሁላችንም ሠርተን ነው ያደግነው። ነገር ግን የራሳችን ልጅ ሲያጠና የዘመድ ልጅ ቆማ ስታጥብ፣ ሁለቱም ልጆች በዚያች ሰዓት የሚማሩት ነገር አለ። አንደኛው የበላይነትን ይማራል፣ አንደኛዋ ደግሞ ከሰው በታች መሆንን። ይህ ከሒሳብና ከአማርኛ ትምህርት ይልቅ በልብ ላይ ይቆያል። ወላጅዋ ሩቅ ስለ ሆነ የሚያየን የለም አንበል። ሠፈር አለ፤ ቅሬ አለ። እኛ ጎረቤቶችም «በሰው ቤት ምን አገባኝ» ከማለት ይልቅ በለዘበ ቃል «እትዬ፣ ይህች ልጅ ለማታ ጥናት ከልጆቼ ጋር ትምጣልኝ» ብንል ማን ይቆጣናል?

አራተኛው የረኀብና የእፍረት ነገር ነው። በእረፍት ሰዓት ልጆች ከኪሳቸው ቆሎ ያወጣሉ፣ አንዳንዱ ዳቦ ያወጣል። ምንም የሌለው ልጅ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ? ወደ ሽንት ቤቱ ግድግዳ ጀርባ ይሄዳል። የሚሄደው ግን ሽንት መጥቶበት ሳይሆን እጁ ባዶ መሆኑን ሰው እንዳያይበት ነው። ልጅ ረኀቡን ይችላል፤ እፍረቱን ግን አይችልም። እንዲሁም ጫማ የሌለው፣ ዩኒፎርሙ የተጣፈ ልጅ አለ። ስለዚህ የምንሰጠውን ነገር ብቻ ሳይሆን አሰጣጣችንንም ማሰብ አለብን። ሰንደቅ ዓላማ በሚሰቀልበት ጊዜ ስም እየጠሩ በሰልፍ ፊት ደብተር ማደል፣ ልጁን ረዳሁ ሲሉ ማዋረድ ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶቻችን ምጽዋት በስውር ቢሆን ይመረጣል ብለው ያስተምሩናል፤ በዚህስ የሚለያይ ሰው በመካከላችን አይኖርም።

ይህ ሁሉ የሚቻል ነገር ነው ወይ? አዎን፣ ይቻላል። ሌሎች አድርገውታል። በአዲስ አበባ ከተማ በየትምህርት ቤቱ በረኀብ ራሳቸውን የሚስቱ ሕፃናት እንዳሉ ሲታወቅ፣ መጀመሪያ የተነሡት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ እናቶች ናቸው በየትምህርት ቤቱ ማብሰል የጀመሩት። በኋላም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር ሥራውን ወስዶ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሚማሩ በመቶ ሺሕ ለሚቆጠሩ ልጆች ቁርስና ምሳ፣ ዩኒፎርምና ደብተርም ጭምር ማቅረብ ያዘ። ልብ በሉ፤ ሁሉም ልጅ በአንድነት ስለሚበላ «ድኻው ይኸ ነው» ተብሎ የሚጠቆም የለም። እኛ የከተማ አስተዳደር በጀት የለንም፤ ነገር ግን ነገሩ በጥቂት እናቶች ድስት መጀመሩን አንርሳ።

ከክልላችንም ሳንወጣ በደቡብ ጎንደር፣ በፎገራ ወረዳ፣ የአውራ አምባ ማኅበረሰብ አለ። በ1960ዎቹ በዙምራ ኑሩ መሥራችነት የተጀመረ ትንሽ መንደር ነው። አኗኗራቸው ከእኛ በብዙ ይለያል፤ በሁሉም እንምሰላቸው አልልም። ነገር ግን አቅም ያጣ ሽማግሌ በጋራ ይጦራሉ፣ ወንድና ሴት ሥራ ይካፈላሉ፣ ለልጅ ትምህርት የሰጡት ቦታም ከፍ ያለ ነው። ይህንን የጀመሩት ሀብት ኑሯቸው ሳይሆን በችግር ውስጥ እያሉ ነው።

ራቅ ብለን ወደ ጃፓን ብንሄድ ደግሞ፣ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎቹ ራሳቸው ተራ ገብተው ምሳ ለጓደኞቻቸው ያድላሉ፤ ክፍላቸውንም ራሳቸው ይጠርጋሉ። የሀብታም ልጅ ከዚህ ነፃ አይደለም። ይህ በእኛ ቋንቋ ደቦ ማለት ነው። ደቦን ከእኛ የሚያውቅ የለም፤ የጎደለን ከማሳ ወደ ትምህርት ቤት ማሻገሩ ብቻ ነው።

ሩቅ የሚመስል ነገር አነሣሁ እንዳትሉኝ፣ በራሳችን ዕድሜ ያየነውን ልጨምር። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ የመማሪያ ክፍል ከየት መጣ? የዛፍ ጥላ፣ የሰው ጓዳ፣ ዳስ ሁሉ ክፍል ሆኗል። ማንበብ የቻለው ያልቻለውን አስተማረ። ልጅ አያቱን «ሀ ሁ» አስቆጠረ። ትምህርቱ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች ተሰጥቶ፣ አገሪቱ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል የሚሰጠውን ዓለም አቀፍ የመሠረተ ትምህርት ሽልማት አግኝታለች። ስለዚያ ዘመን ሌላው ነገር ብዙ ያከራክር ይሆናል። ነገር ግን የሠፈር ሰው «ያወቀ ላላወቀ» ብሎ ከተነሣ ምን ያህል እንደሚሠራ በዚያ አይተናል።

እንግዲህ ወደ ተግባሩ ልግባ። ለኮሚቴውና ለእናንተ አምስት ሐሳቦች አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ የደብተር ሣጥን ይኑረን። ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ መቶ ቤት ብንሆንና እያንዳንዱ ቤት በወር የአንዲት ደብተር ዋጋ ቢያስቀምጥ፣ ትምህርት በሚኖርባቸው አሥር ወራት 1,000 ደብተር ይሆናል። ለአንድ ልጅ አሥር አሥር ብንሰጥ መቶ ልጅ ይማርበታል። በሠፈራችን መቶ የተቸገረ ልጅ ባይኖር የቀረው ለእስክሪፕቶና ለጫማ ይውላል። ገንዘብ የሌለው ቤት እንቁላል ያምጣ፣ ጉልበት ያምጣ። ደብተሩ ለልጁ የሚደርሰው በክፍል ኃላፊው መምህር በኩል፣ በጸጥታ ይሁን። ለማን እንደ ተሰጠ በዚህ ሰሌዳ ላይ አይለጠፍ፤ የሚለጠፈው የገባውና የወጣው ሒሳብ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የመንገድ ጓደኛ ይመደብ። በክረምት መውጫ ወንዙ ገና አልጎደለም፤ በጥቅምትና በኅዳር ደግሞ ማለዳው ውርጭና ጉም ነው፣ መንገዱም ባጃጅ የሚሮጥበት ነው። አምስተኛና ስድስተኛ ክፍል ያሉ ልጆች ከየአጥሩ አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ያሉትን እየሰበሰቡ አብረው ይሂዱ፣ አብረው ይመለሱ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም። ትልቁ ልጅ ኃላፊነት ይማርበታል፤ ትንሹም ተከብሮ ያድጋል።

ሦስተኛ፣ የልጆች ጠብ ደንብ እናውጣ። ልጅ ከልጅ ሲጣላ ማንም ወላጅ በዚያው ቀን ወደ ሌላው ቤት አይሂድ። ሦስት ቀን ይቆይ። በሦስት ቀን ውስጥ ልጆቹ ካልታረቁ ወይም ነገሩ ከበድ ያለ ከሆነ፣ ቅሬው የሚመርጣቸው ሁለት እናቶችና ሁለት አባቶች፣ ከእስላሙም ከክርስቲያኑም ወገን ሆነው፣ ከመምህሩ ጋር ይዩት። ጉዳት የደረሰበት ልጅ ካለ ግን ሕክምናው ቀን አይጠብቅም፤ እዚያው ይወሰድ።

አራተኛ፣ የማታ ጥናት ቤት ይኑር። በየአሥር ቤቱ መብራት ያለው፣ መብራትም ሲጠፋ የሶላር ፋኖስ ያለው አንድ ቤት በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ማታ ደጁን ይክፈት። ማንበብ የሚችል ወጣት ይቀመጥላቸው። ከዩኒቨርሲቲም ይሁን ከሁለተኛ ደረጃ ለእረፍት የሚመጡ ልጆቻችን በዚህ ቢያገለግሉ ክብራቸው ነው። በተለይ ዘመድ ቤት ያሉ ልጆችና ዓመት ያመለጣቸው ልጆች መጀመሪያ ይጠሩ። እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ብቻ ይሁን፤ ሴቶች ልጆችንም የሚሸኝ ሰው ይኑር።

አምስተኛ፣ አዲስ የመጣ ቤተ ሰብ ቡና ይጠራ። ተፈናቅሎ የመጣም ይሁን ተዛውሮ የመጣ፣ ልጁን ባስመዘገበ በመጀመሪያው ሳምንት ከጎረቤቱ አንዱ ቤት ቡና ይጠጣ። መምህራኑንም አንርሳ። ከሩቅ አገር ተመድባ የመጣች ወጣት አስተማሪ በደመወዟ ኪራይ ከፍላ የሚተርፋት ጥቂት ነው። ለመስቀልም ይሁን ለአረፋ ዘመዶቿ ሩቅ ናቸው። «ነይ እኛ ቤት ዋይ» ያላት ሠፈር ልጆቹን እንደ ራሷ ልጆች ታያለች። ይህ ውለታ ጥየቃ አይደለም፤ የሰውነት ወግ ነው።

አሁን የሚነሣውን ተቃውሞ አውቃለሁ። ገና ሳልጨርስ አንዳንዶቻችሁ በሹክሹክታ እያላችሁት ነው።

«የቅሬ ገንዘብ ለቀብር ነው፤ አይነካ» ትላላችሁ። ትክክል ነው፤ አይነካም። የቀብሩ መዋጮና የደብተሩ ሣጥን ለየብቻ ይሁኑ፣ መዝገባቸውም ለየብቻ። ነገር ግን ይህን ዕወቁ፤ በ1990ዎቹ በኤች አይ ቪ ምክንያት ብዙ ወላጅ ሲሞት፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ብዙ ዕድሮች «እስከ መቼ እየቀበርን ብቻ እንኖራለን?» ብለው ወላጅ አልባ ሕፃናትን ወደ መርዳት ዞረዋል። በዚህም ዕድርነታቸው አልፈረሰም፤ እንዲያውም ተጠናከረ።

«እኛም ድኾች ነን» ትላላችሁ። እውነት ነው። በልግ ሲቀር፣ ውርጭ ባቄላውን ሲመታ የሚሆነውን አብረን አይተናል። ግን ለለቅሶ እንጀራ ስንይዝ ሀብታም ሆነን ነው ወይ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ብዙ የሚሰጥ አልፈለግንም፤ ብዙ ሆነው ጥቂት የሚሰጡ እንጂ።

«አባትየው ጠጪ ነው፣ እሱ እያጠፋ እኛ ለምን ልጁን እንችላለን?» የሚልም አለ። ይህ ከሁሉ ይከብዳል፤ የሚያናድድ ነገር ስለ ሆነ። ቢሆንም ልጁ አባቱን መርጦ አልተወለደም። አባትየውን ሽማግሌ ይምከረው፣ ይገሥጸው፤ ለእሱ ገንዘብ አትስጡ። ደብተሩን ግን ለልጁ ስጡ። ልጁን የተውነው እንደ ሆነ ነገ ሌላ እንደ አባቱ ያለ ሰው ይኖረናል፤ ያን ጊዜ ዕዳው ለልጆቻችን ይተላለፋል።

የተከበራችሁ ወላጆች፤

ደግነት ለልጅ በቃል አይነገርም፤ ስናደርገው አይቶ ነው የሚማረው። ልጃችሁ ሁለት እርሳስ ይዞ ወጥቶ በአንድ ሲመለስ «የት ጣልኸው?» ብላችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት «ለማን ሰጠኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። ሰጥቼ ነው ካለ ጎሽ በሉት። ጥሎት ከሆነም ያችው ጥያቄ ታስተምረዋለች።

ያቀረብሁት ሁሉ የመጨረሻ ቃል አይደለም። የሚጨመረው ይጨመር፣ የማያስኬደው ይቀነስ። ኮሚቴው በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ለውሳኔ እንደሚያቀርበው ሰብሳቢያችን ነግረውኛልና፣ እስከዚያ ድረስ በየቤታችሁ፣ በየቡናችሁ ተነጋገሩበት። በተለይ እናቶች አስተያየታችሁን ዝም ብላችሁ እንዳታስቀሩት፤ የልጁን ረኀብ ከማንም ቀድማችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። ትምህርት የሚከፈትበት ቀን ግን ስብሰባችንን አይጠብቅም። እስከዚያው ከአጥራችን ማዶ ያለው ልጅ ደብተር እንዳለው እንጠይቅ።

ልጆቻችንን ፈጣሪ ይባርክልን፤ አገራችንንም ሰላም ያድርግልን።